በምድረ በዳ የተሠራ ማደሪያ

የሚነበብ ቃል፦ ዘጸአት 31፥1-11

እግዚአብሔር ባስልኤልን በጥበብ መንፈስ የሞላው መቼ ነበር? ሕዝቡ በከነዓን ቤት ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ አይደለም፤ ገና በድንኳን እያደረ በመንገድ ሳለ ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ወደ ሱዳን ተሰድደው፥ ከእነርሱም ብዙዎች በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባ ሰፈሩ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዘማሪው ወይም ሸማኔው፥ «ስጦታዬን አገሬ ስገባ አወጣዋለሁ» ቢል አያስደንቅም።

ነገር ግን ኦኔሲሞስ ነሲብን አስቡ። በ1881 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ሊገባ ተነሥቶ፥ ከድንበሩ አጠገብ እስከ ፋማካ ቢደርስም መንገዱ ተዘግቶበት ተመለሰ። እርሱ ግን የአገሩን በር መከፈት አልጠበቀም፤ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ሳለ መዝሙራትን በኦሮምኛ አዘጋጀ። መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ሲመለስ፥ ሕዝቡ የሚዘምረው መዝሙር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

የእጃችን ሥራ አያጸድቀንም፤ በጸጋ የዳነ እጅ ግን ያመሰግናል። እንግዲህ ሸማኔ ሆይ፥ በያዝኸው ክር ጀምር፤ ዘማሪም ሆይ፥ ባለህበት ዘምር። ማደሪያው የተሠራው ሕዝቡ በእጁ ከነበረው ነውና። አሜን።