ግብርን መቀነስ ወጪን መቀነስ ነውን?

በአሜሪካ የምርጫ ወራት ሲደርስ ለካውንቲ ምክር ቤት አባልነት ከሚወዳደሩት ዕጩዎች መካከል ብዙ ጊዜ የአካባቢው የሕግ ጠበቃ ይገኛል። የአንዳንዱም ጠበቃ ተስፋ የሕዝብን ገንዘብ በቁጠባ ለመያዝና ግብርን ለማቅለል ነው። ይህን ቃል ግብር ከፋይ የሆነ ነጋዴ ሁሉ በደስታ ይሰማዋል፤ ነገር ግን ቃሉ በምን ሒሳብ እንደሚፈጸም መመርመር ይገባል።

ካውንቲ ማለት በኢትዮጵያ ቀድሞ አውራጃ ይባል ከነበረው ጋራ የሚቀራረብ የአስተዳደር ክፍል ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የካውንቲው ምክር ቤት በጀቱን መርምሮ ያጸድቃል፤ የመሬትና የቤት ግብርንም ይወስናል። ሆኖም ሥልጣኑ ወሰን አለው። ለድኾች ሕክምና ካውንቲው የሚያዋጣው ድርሻ በግዛቱ ሕግ የታዘዘ ነው፤ የፖሊሶችና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝም በውል የታሰረ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት ከመሬትና ከቤት ግብር የሚሰበሰበው ገንዘብ፥ ከጥቂት ነገሮች በቀር፥ በዓመት ከመቶ 2 ወይም ከዋጋ ንረቱ ልክ፥ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳያድግ ተከልክሏል። ይህን ወሰን ለማለፍ ከምክር ቤቱ ድምፅ ከመቶ 60 ያስፈልጋል።

ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ፥ በሎንግ አይላንድ፥ ናሶ የሚባል ካውንቲ አለ። በዚያ ያለ ባለሱቅ ግብር የሚከፈልበትን የ100 ዶላር ዕቃ ሲሸጥ ከገዢው 8 ዶላር ከ62 ሳንቲም ተኩል ይሰበስባል። ከዚህም 4 ዶላሩ ለግዛቱ፥ 4 ዶላር ከ25 ሳንቲሙ ለካውንቲው፥ የቀረው ለአካባቢው መጓጓዣ ይውላል። ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ የካውንቲው ገቢ ይጎድላል፤ በሕግና በውል የታሰረው ወጪ ግን ባለበት ይቆያል።

የናሶ ምክር ቤት 19 አባላት ያሉት ሲሆን የተቋቋመው በ1996 ነው። ሚስተር ኤድዋርድ ማንጋኖ የተባሉት ጠበቃ ምክር ቤቱ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ አባል ነበሩ። በ2009 የቤት መብራትና ማሞቂያ ግብር እንዲሻር ተስፋ ሰጥተው ለካውንቲው አስተዳዳሪነት ተወዳደሩ፤ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ሚስተር ቶማስ ሱዎዚንም በ386 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። በሚቀጥለውም ዓመት ከመቶ 2 ተኩል የነበረው ይህ ግብር ተሻረ።

ተስፋው ተፈጸመ፤ ጉድለቱ ግን አልተዘጋም። በናሶ የቤት ግብር ከልክ በላይ ተገምቶ ሲገኝ ካውንቲው ለትምህርት ቤቶች የተሰበሰበውን ጭምር ለከፋዩ ይመልስ ነበር፤ ለዚህም ገንዘብ ይበደር ነበር። የካውንቲውን ሒሳብ እንዲጠብቅ ግዛቱ በ2000 ያቋቋመው ባለሥልጣን ብድር እንደ ገቢ ሊቈጠር አይገባም አለ። ጉድለቱም ከመቶ 1 እንደሚበልጥ ስላመነ፥ በጥር 2011 ሒሳቡን በቁጥጥሩ ሥር አደረገ፤ በመጋቢትም የሠራተኞችን የደመወዝ ጭማሪ አገደ።

በእርግጥ የካውንቲው ችግር በሚስተር ማንጋኖ አልተጀመረም። ጠባቂው ባለሥልጣን የተቋቋመው እርሳቸው ከመመረጣቸው ዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር፤ የተሻረውም ግብር የወጣው የበጀት ጉድለትን ለመሙላት ነበር። ነገሩ የሚያስረዳው ግብርን መቀነስና ወጪን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። አንድ ባለሱቅ የቤት ኪራዩንና የሠራተኛውን ደመወዝ ሳይቀንስ የዕቃውን ዋጋ ቢያወርድ፥ የተበደረውንም ገንዘብ በሽያጭ መዝገብ ቢጽፍ፥ ለጊዜው ደንበኛ ያበዛል፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ዕዳው ይገለጣል።

ስለዚህ ቆጣቢ ነኝ የሚል ዕጩ በቀረበ ጊዜ ነጋዴው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤

1ኛ፤ የሚቀነሰው ወጪ የትኛው ነው? ምክር ቤቱስ ሊቀንሰው ሥልጣን አለውን?

2ኛ፤ የሚቀረው ግብር ስንት ያስገባ ነበር? የሚቀነሰውስ ወጪ ያንን ያህላልን?

3ኛ፤ ጉድለት ቢመጣ የሚሞላው በምንድን ነው? በብድር ከሆነ መቼና በማን ይከፈላል?

ለእነዚህ በቁጥር የሚመልስ ዕጩ በእውነት ቆጣቢ ነው። ቁጥር የሌለው ተስፋ ግን ለነጋዴ ቀኑ እንዳልተጻፈበት የዕዳ ሰነድ ነው።