ለመንገድ የምንከፍለው ገንዘብ የት ይገባል?



ዱባይ እንደመጣሁ ሰሞን በዕረፍት ቀኔ ከጓደኛዬ ጋር ታክሲ ተሳፍረን ነበር። ስንወርድ ሒሳቡ ላይ 4 ድርሃም ተጨምሮ አየሁ። ሹፌሩ ሊያታልለን መስሎኝ ተቆጣሁ። የሳሊክ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሳሊክ የመንገድ ክፍያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀመረ። መኪናው በበሩ ሥር ሲያልፍ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ነገር ይነበብና ገንዘቡ ይቆረጣል። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ አንደኛ ገንዘብ ያስገባል፤ ሁለተኛ መጨናነቅ ይቀንሳል። ለዚህም ነው ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ መኪና ሲበዛ 6 ድርሃም፣ በሌላው ሰዓት 4፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነጻ የሆነው። መቸኮል የሌለበት ሰው ሰዓቱን እንዲቀይር ነው።

በ2022 የዱባይ መንግሥት ሳሊክን አክሲዮን ማኅበር አደረገውና 24.9 በመቶውን ሸጠ። 3.7 ቢሊዮን ድርሃም ገደማ አገኘ። ማኅበሩ በሮቹን ለ49 ዓመት የማስተዳደር መብት ተሰጠው። መንገዱ ግን አልተሸጠም። ታዲያ የተሸጠው ምንድን ነው? የነገ ገቢ ነው። ሻጩ ዛሬ ረብጣ ገንዘብ ይይዛል፤ ገዢው ደግሞ ከየዓመቱ ትርፍ ድርሻውን ይወስዳል።

አሜሪካ ውስጥ የኢንዲያና ክፍለ ሀገር በ2006 አንድ የክፍያ መንገዱን ለ75 ዓመት አከራይቶ 3.8 ቢሊዮን ዶላር በአንዴ ተቀበለ። ገንዘቡን ሌላ መንገድ ሠራበት። ተከራዩ ግን ያሰበውን ያህል መኪና አላለፈለትም፤ ዕዳው ከበደውና በ2014 ከሰረ። ስለዚህ ገዢም ሊሳሳት ይችላል፤ ሻጭም ገንዘቡን ከበላው ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ይሄ ለኛ ምን ያደርግልናል አትበሉ። ባለፈው ወንድሜ ደውሎ፣ «የእማዬን መሬት ለአሥር ዓመት ልናከራይ ነው፤ ሙሉውን ቅድሚያ ይሰጡናል፤ ትንሿን እህታችንን እንልክበታለን» አለኝ። ያኔ ሳሊክ ትዝ አለኝ። ሦስት ነገር ጠየቅሁት፦ ለስንት ዓመት ነው? ኪራይ ሲወደድ ጭማሪው የማን ነው? ገንዘቡ የሚውልበት ነገር ራሱ ገቢ ያመጣል ወይስ ደላላ በልቶት ይቀራል?

ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ፣ «ለአንድ ዓመት ብቻ ሰጠነው» አለኝ። በዓመቱ መሬቱ ተመልሶ የእማዬ ነው።

እህቶቼ፣ የነገን ገቢ መሸጥ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ሦስቱን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።