አምባና ደሴት፦ ቅጽር የሚያግደውና የሚጠብቀው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ የደረሰ ሰው ደጋው ድንገት በገደል ሲያበቃ ያያል። ጠዋት ጉም ሸለቆውን በሞላው ጊዜ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ በባሕር ላይ የተበተኑ ደሴቶችን ይመስላል። በዚህ ትምህርታችን ይህን ምስል ይዘን፣ አምባንና ደሴትን አንድ ላይ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰሜን ጎንደር ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈልቆ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠራ ነው። ዝናብና ወንዝ ለብዙ ዘመን ሲሸረሽሩት ጠንካራው ክፍል ቆሞ ቀረ፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባም እንዲህ ተገኘ። መውጫው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሰዎች ብዙ ሠራዊት ይመክቱበታል። ነገር ግን በዚያው መውጫ ጥቂት ዘበኞች ከላይ ያሉትን ሁሉ እንዳይወርዱ ይከለክሉበታል።

ከጎንደር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው ወኅኒ አምባ ለዚህ ለሁለተኛው ተግባር ዋለ። ቀድሞ የነገሥታት ዘር በግሸን አምባ ይጠበቅ ነበር፤ ያም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ቀረ። ጎንደርን በ1636 የመሠረቱት ዐፄ ፋሲለደስ ያመፀባቸውን ልጃቸውን ዳዊትን በወኅኒ በማሰር የቆየውን ልማድ አደሱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሳፍንት በደል ሳይገኝባቸው፣ ዘውድ ይመኙ ይሆናል በሚል ስጋት ብቻ በአምባው ላይ ኖሩ። አብዛኞቹ እዚያው አረጁ፤ እንደ ዐፄ በካፋ ያሉት ግን ከዚያ ወርደው በ1721 ነገሡ። እስር ቤትን ወኅኒ ቤት ማለታችንም ከዚህ አምባ ስም እንደ መጣ ይነገራል።

ከኛ ርቆ፣ በግሪክ አገር በኤጌያን ባሕር ውስጥ፣ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ፍጥሞ የምትባል ደሴት አለች። እርሷም እንደ ደጋችን ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠራች ናት። የራእይ መጽሐፍ ጸሐፊ ዮሐንስ ስለ እግዚአብሔር ቃል በዚያ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም በሮማውያን ተግዞ እንደ ሄደ ያስረዳል። በ1088 ቅዱስ ክሪስቶዱሎስ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስ በሰጠው ፈቃድ በደሴቲቱ ከፍታ ላይ በዮሐንስ ስም ገዳም ሠራ። የባሕር ወንበዴዎች ያሠጉ ስለ ነበር ገዳሙ እንደ ምሽግ ባለ ከፍተኛ ቅጽር ታጠረ። ከተማውም መጠጊያ ፈልጎ በዙሪያው ተሠራ። የግዞት ምድር የነበረችው የመጻሕፍትና የጸሎት ማከማቻ ሆነች።

በአገራችንም የጣና ደሴቶች ይህንኑ አገልግሎት ሰጥተዋል። ውሃው ቅጽር ሆኖላቸው በጦርነት ዘመን ንዋያተ ቅድሳትንና የብራና መጻሕፍትን አተረፉ። በዳጋ እስጢፋኖስ ከሌሎች ነገሥታት ጋር የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን ይገኛል። ልጃቸውን በአምባ ያሰሩት ንጉሥ እነሆ በደሴት ዐርፈዋል።

እንግዲህ ገደልም ሆነ ውሃ በራሱ ክፉ ወይም ደግ አይደለም፤ የሚለየው ቅጽሩን ያስፈለገው ነገር ነው። በዳጋና በፍጥሞ የከበረውን ነገር ከጥፋት ለማዳን አስፈለገ፤ በወኅኒ ግን ወንድም ወንድሙን ስለ ፈራ አስፈለገ። በአምባው ላይ የታሰሩት ወንድም በመሆናቸው ታሰሩ። በፍጥሞ የነበረው ግዞተኛ ግን ከባሕር ማዶ ላሉት ሲጽፍ ራሱን ወንድማቸውና የመከራቸው ተካፋይ ብሎ ጠራ። ባሕሩ ሰውነቱን አገደው እንጂ ወንድማማችነቱን አላገደውም።

ለመወያያ፦
1. በቤታችንና በቁምስናችን ያለው አጥር የትኛውን ይመስላል፣ የዳጋን ወይስ የወኅኒን?
2. ስንፈራው ከልባችን አግልለን ያስቀመጥነው ወንድም ወይም እኅት ማን ነው? ከአምባው እንዲወርድ በሩን የምንከፍትለትስ መቼ ነው?