ስክሪኑን መቼ እናጥፋ? የጌም ቦይ ፕሮግራም ትምህርት

ጌም ቦይ የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ያቀረበው የእጅ መጫወቻ ነው። አሮጌ ቢሆንም የኮምፒውተርን ውስጣዊ አሠራር ለመማር ይመቻል፤ የሥራ ሜሞሪው 8 ኪሎባይት ብቻ ነው።

ስክሪኑ 144 መስመሮች አሉት። መሣሪያው ከ0 እስከ 143 ያሉትን ተራ በተራ ይስላል፤ ከ144 እስከ 153 ሲቆጥር ግን ምንም አይስልም። ይህ ዕረፍት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። በመሳል ላይ ሳለ ወደ ሥዕል ሜሞሪው የተጻፈ ነገር ሊጠፋ ይችላል። የባሰው ደግሞ ስክሪኑን በመሃል ማጥፋት ነው፤ መሣሪያውን ሊጎዳው ይችላል። በኮምፒውተር ላይ ጌም ቦይን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ስለማይበላሽ፣ ስሕተቱን ላያሳያችሁ ይችላልና አትመኑት።

ስለዚህ በአሴምብሊ፣ ማለትም መሣሪያውን በቀጥታ በሚያዘው ቋንቋ ስትጽፉ፣ አስቀድማችሁ አድራሻ 65348ን አንብቡ። የመስመሩ ቁጥር የሚገኘው እዚያ ነው። ከ144 ካነሰ ተመልሳችሁ አንብቡ። ካላነሰ በአድራሻ 65344 ላይ 0 ጻፉ፤ ስክሪኑ ይጠፋል። ከዚያ ሥዕሎቻችሁን ሳትቸኩሉ አስገቡ።

መልመጃ፦ ከአድራሻ 65348 የተነበበው ቁጥር 100 ቢሆን ፕሮግራሙ ቀጥሎ ምን ያደርጋል? በወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ ጻፉ።