ቴኳንዶ ለምን ሁለት ሆነ?

አንድ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ጥቁር ቀበቶውን ይዞ ነበር። ዳውንታውን ኦክላንድ አካባቢ አንድ ክለብ አግኝቶ ሊመዘገብ ሄደ። አሠልጣኙ መጀመሪያ የጠየቀው «ዳንህን የሰጠህ ማን ነው?» ብሎ ነው። ጓደኛችን «ኢንተርናሽናል» አለ። አሠልጣኙም በትሕትና «እኛ ወርልድ ነን፤ እዚህ ከነጭ ትጀምራለህ» አለው። ስምንት ዓመት የለፋበት ነገር እንደሌለ ተቆጠረ። ማታ ባርት ውስጥ ሆነን «ቴኳንዶ ቴኳንዶ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥሩ ካራቴ ነው

እናቶቻችን እግሩን የሚያነሳውን ሁሉ «ካራቴ ይሠራል» ይላሉ። እንስቃለን እንጂ ብዙም አልተሳሳቱም። ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ለትምህርት ጃፓን የሄዱ ኮሪያውያን ወጣቶች ካራቴ ተምረው ተመለሱ። ከእነሱ አንዱ ሊ ዎን ኩክ የሾቶካን ካራቴ አባት ከሚባሉት ከፉናኮሺ ጊቺን የተማረ ሲሆን፣ በ1944 ሴኡል ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። በኋላ ጄኔራል የሆነው ቾይ ሆንግ ሂም ካራቴን የተማረው ጃፓን ውስጥ ነው።

ከነጻነት በኋላ በሴኡል «ኩዋን» የሚባሉ ትምህርት ቤቶች በዙ። እያንዳንዱ የራሱ መምህርና የራሱ ማዕረግ ነበረው። በ1955 ቾይ ያቀረበው «ቴኳንዶ» የሚለው ስም ተመረጠ፤ ትርጉሙ የእግርና የቡጢ መንገድ ማለት ነው። ስሙን ሁሉም በአንድ ቀን አልተቀበለውም። ማን ማንን ይፈትናል፣ የማን ፊርማ ይጸናል የሚለው ክርክር ያኔም ነበር።

መለያየቱ

ቾይ በ1966 ሴኡል ውስጥ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን አቋቋመ። እኛ «ኢንተርናሽናል» የምንለው ይህ ነው። ነገር ግን ከፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ጋር ተቃቃረና በ1972 ወደ ካናዳ ተሰደደ፤ ፌዴሬሽኑንም ይዞ ሄደ። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በዚያው ዓመት ኩኪዎን የተባለውን ማዕከል ሠራች፤ በ1973 «ወርልድ» የምንለው ፌዴሬሽን በኪም ኡን ዮንግ መሪነት ተመሠረተ። ቾይ በ1980 ቴኳንዶን ወደ ሰሜን ኮሪያ ሲወስድ ቁርሾው የሁለት መንግሥታት ጠብ ሆነ።

ወርልድ በ1988 እና በ1992 በኦሊምፒክ ለትዕይንት ቀረበ፤ በ2000 ሲድኒ ላይ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ። ቾይ በ2002 ፒዮንግያንግ ውስጥ ሲሞት ደግሞ ኢንተርናሽናል ራሱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱን የሰሜን ኮሪያው ቻንግ ኡንግ፣ አንዱን የቾይ ልጅ ቾይ ጁንግ ህዋ፣ አንዱን በትውልድ ቬትናማዊ የሆነው ካናዳዊ ትራን ትሪው ኳን መሩት። ሦስቱም ስማቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም «ሕጋዊው እኔ ነኝ» ይላሉ።

ይህ የቴኳንዶ ብቻ ችግር አይደለም። የኪዮኩሺን ካራቴ መሥራች ኦያማ ማሱታትሱ በ1994 ሲሞት ተማሪዎቹና ቤተሰቡ በኑዛዜው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ዛሬ ከአንድ በላይ ድርጅት የእሱን ስም ይዞ ያሠለጥናል። እኛም ብንሆን እንግዳ አይደለንም። በ2012 የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ዋሽንግተን መደረጉን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ኳሱ ያው ኳስ ነበር።

ታሪኩን የሚነግራችሁ ማን ነው?

እያንዳንዱ ወገን ታሪኩን ከራሱ ይጀምራል። ለዚህ ምሳሌ እዚሁ ከተማችን አለ። ብሩስ ሊ በ1964 እዚሁ ኦክላንድ፣ ብሮድዌይ ላይ ትምህርት ቤት ነበረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዎንግ ጃክ ማን ጋር በዝግ በር ተጋጠመ። የብሩስ ሊ ባለቤት ግጥሚያው ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ ስትል፣ ዎንግ ከሃያ ደቂቃ በላይ ነበር ይላል። በጠቡ ምክንያት እንኳ አይስማሙም። አንድ ክፍል ውስጥ የተደረገ ነገር እንዲህ ከሆነ፣ የሃምሳ ዓመት የፌዴሬሽን ጠብ ከአንድ አሠልጣኝ አፍ ብቻ ተሰምቶ አይበቃም።

አገር ቤትና ሰውነታችን

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ሁለቱም ብዙ ወጣት አፍርተዋል። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከ58 ኪሎ በታች የተወዳደረው በወርልድ በኩል ነው። የኢንተርናሽናል ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በያዘው መንገድ ኦሊምፒክ አይደርስም። ስለዚህ ልዩነቱ ወረቀት ብቻ ነው ማለትም አይቻልም።

ሕጋቸውም ይለያያል። በወርልድ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ ራስ ላይ የሚያርፍ እርግጫ ግን ደረት ላይ ከሚያርፈው የበለጠ ነጥብ አለው። ተወዳዳሪው የራስና የደረት መከላከያ ያደርጋል። በኢንተርናሽናል ጓንት ተደርጎ በእጅም ራስን መንካት ይፈቀዳል፤ ኃይሉን ያልተቆጣጠረ ግን ይቀጣል።

ነርሲንግ ስለምማር ይህን ሳልል አላልፍም። የራስ መከላከያ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ አንጎል ውስጥ እንዳይናወጥ አያደርግም። ሰው ራሱን ሳይስትም አንጎሉ ሊናወጥ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር፣ ብርሃን መጥላት ከሰዓታት በኋላም ሊመጡ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ የዚያን ቀን ልምምድ አበቃ፤ የሚመለሰውም ሐኪም ሲፈቅድ ነው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ትውከቱ ከተደጋገመ ወይም ልጁን መቀስቀስ ካስቸገረ ወዲያውኑ 911 ይደወል።

ከመመዝገባችሁ በፊት

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ዳን ስወስድ የሚፈርመው ማን ነው? ሌላ ከተማ ብሄድ ይታወቅልኛል?» ሁለተኛ፣ «ከሌላ ወገን የመጣን ሰው እንዴት ትቀበላላችሁ?» ሦስተኛ፣ «አንድ ልጅ ራሱን ቢመታ ምን ታደርጋላችሁ?» ለሦስተኛው ግልጽ መልስ የሌለው ክለብ የዘር ሐረጉ እስከ ሴኡል ቢቆጠርም አይመረጥም።

በ2014 ናንጂንግ ላይ ወርልድና በቻንግ ኡንግ የሚመራው ኢንተርናሽናል ተከባብረው ለመሥራት ፈረሙ፤ በ2018 በፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ ሁለቱ ቡድኖች አብረው ትዕይንት አሳዩ። አለቆቹ ከታረቁ እኛ የምንጣላበት ምክንያት የለም።

ጓደኛችን ለሦስት ሳምንት ያህል አኩርፎ ከቤት አልወጣም ነበር። በኋላ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ተመለሰና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀ። አሠልጣኙ የእነሱን ቅርጽ አጥንቶ እንዲፈተን ፈቀደለት። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ነጭ ቀበቶ ታጥቆ ከልጆች ጋር ይሰለፋል። ጥቁሩን ግን አልጣለውም፤ ቦርሳው ውስጥ አጣጥፎ ይዞት ይሄዳል።