የገዛንበት ዋጋ



አንድ ሰው ሁለት አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ100 ብር ገዛ እንበል። አንዱ 120 ደረሰ፤ ሌላው ወደ 60 ወረደ። ገንዘብ ቢቸግረው የትኛውን ይሸጣል? አብዛኛው ሰው ያተረፈውን ይሸጥና የከሰረውን «የገዛሁበት ዋጋ ይመለስ» እያለ ይይዛል።

ሼፍሪንና ስታትማን የተባሉ ምሁራን ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1985 በጥናት አቀረቡት። በ1998 ደግሞ ቴራንስ ኦዲን በአሜሪካ የ10,000 ባለሂሳቦችን መዝገብ መርምሮ ያንኑ አገኘ፤ ሰዎቹ የሸጡት አትራፊ አክሲዮን ከያዙት ከሳሪ የተሻለ ዋጋ ማውጣቱን ቀጠለ። ምክንያቱን ካነማንና ትቨርስኪ በ1979 አስረድተዋል፤ የማጣት ሕመም ያንኑ ያህል ከማግኘት ደስታ ይበልጣል። መሸጥ ኪሳራን ማመን ነው፤ ማመን ደግሞ ያማል።

እዚህ ካርቱም ብዙዎቻችን አክሲዮን የለንም፤ የሱዳን ፓውንድ ግን አለን። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትለይ አብዛኛው ነዳጅ አብሯት ሄደ፤ ፓውንዱም ይወርድ ጀመር። በኦክቶበር 2018 የዶላር ይፋዊ ዋጋ 47.5 ፓውንድ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ ከ55 ወደ 375 ተሻገረ። በዚያ ቀን 55,000 ፓውንድ በይፋዊው ዋጋ ከ1,000 ዶላር ወደ 147 ዶላር ገደማ ወረደ። ይሁንና ኪሳራው የዚያን ቀን አልተፈጠረም፤ በትይዩው ገበያ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ባንኩ ይፋ አደረገው እንጂ።

እኔም ከዚህ አላመለጥሁም። በ2018 ለልጄ ትምህርት ያጠራቀምሁትን ወደ ሀገር ቤት ልልክ ስል ካምናው ያነሰ የሚያወጣ ሆኖ አገኘሁት። «ይመለሳል» ብዬ አቆየሁት። ባለቤቴ «ላከው ይቅር» ብትልም አልሰማኋትም። በመጨረሻ የላክሁት ካሰብሁት ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

የወረደ ሁሉ ይሸጥ ማለቴ አይደለም፤ ጤነኛ ድርጅት በችግር ጊዜ ወርዶ ሊያንሰራራ ይችላል። ለመያዝ ግን ምክንያታችሁ ከፊት ያለው ይሁን እንጂ የገዛችሁበት ዋጋ አይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ100 ብር የተገዛ አክሲዮን 50 ብር ቢደርስ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ በመቶ ስንት መጨመር አለበት?

2. ዛሬ ገንዘቡ በእጃችሁ ቢሆን ያንኑ ንብረት በዛሬው ዋጋ ትገዙታላችሁ? ካልገዛችሁት ለምን ትይዙታላችሁ?

3. ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ «ይመለሳል» ብለው ያቆዩት ነገር ምንድን ነው?