መሐል ሜዳና ጓሳ፦ ስለ መንዝ ምድር አጭር ጥናት

አንድን አገር ለማወቅ ተራራውንና ወንዙን መቍጠር ብቻ አይበቃም፤ ሕዝቡ በምድሩ ላይ አብሮ ለመኖር የተስማማበትን ሥርዓትም መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው መሐል ሜዳ መልካም ምሳሌ ናት።

፩. መልክዓ ምድር

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ፣ የደሴን መንገድ ትቶ ወደ ግራ በመታጠፍ በሞላሌ አድርጎ ይደርስባታል፤ ርቀቱም ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነው። አገሩ ብርዳም ደጋ ነው። ገብስ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል፤ ከበጉ ጠጕርም ብርድ የሚመክት ባና ይሠራል።

ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የጓሳ ምድር ተዘርግቷል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከእርሱ የሚመነጨው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

፪. ታሪክ

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከዚህ ምድር የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረተ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ከዘሩ ናቸው።

፫. የጓሳ ሥርዓት

ጓሳ የሣሩ ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ከዝናብ የሚከልል ገሳም ይሠራበታል። ሣሩ እንዳያልቅ አባቶች ቄሮ የሚባል ሥርዓት አቆሙ። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ መርጠው፣ ምድሩን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ጊዜውም በቤተ ክርስቲያን በዓላት አቈጣጠር ይወሰን ነበር። ሕግ ያፈረሰም ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ከዘሩ ያልተወለደ ሰው እንደ ባለ ርስቱ መብት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም ሥልጣኑን አጣ። ቀድሞ የተከለከለው ድርሻ አገኘ፤ ነገር ግን ጠባቂው ስለ ጠፋ ሣሩ ተጐዳ። ሕዝቡም ይህን አይቶ፣ ከገበሬ ማኅበራት በተመረጡ ሰዎች አማካይነት ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ፤ በዚህ ጊዜ ግን ትውልድ ሳይለይ ነበር። በኋላም የአማራ ክልል ለጥብቅ ስፍራው በሕግ ዕውቅና ሰጠው።

እንግዲህ ከጓሳ የምንማረው ይህን ነው፦ ጥበቃ ያለ ፍትሕ ቢሆን የተገፋው ሰው ያዝናል፤ ፍትሕም ያለ ጥበቃ ቢሆን የሚካፈሉት ነገር ያልቃል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ግን ምድሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ለመወያያ

1. የቄሮ ሥርዓት ጥንካሬውና ጕድለቱ ምን ነበር?
2. በአጥቢያችን ሁላችን የምንጠቀምበት ምንጭ፣ ደን ወይም ግጦሽ የትኛው ነው? ጠባቂውስ ማን ነው?
3. በጥቅሙ ያልተካፈለ ወገን አለን? ድርሻውን እንዲያገኝ ምን እናድርግ?